የጋሽ ተማም ወረንጦ

ዜናውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። የድሮ የላብራቶሪ ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጋሽ ተማም ሰቃ ቤታቸው አርፈው ትናንት ቀብራቸው ተፈጽሟል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። አንዷ «ቲመስ አረፈ!» ብላ ጽፋ ወዲያው አጠፋችው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ስለ እሳቸው እንዳይመስላችሁ። «ልጃቸው ሐያት የሠራሁትን ታውቅ ይሆን?» ነው ያልኩት። ሰውየው አፈር ለብሰው እኔ የማስበው የራሴን ጉድ ነበር።

ጉዴን እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቁልኝ።

ጋሽ ተማም ጅማ ማስተርሴን በተማርኩበት ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነበሩ። ሥራ የጀመሩት የአይጦቹን ቤት በማጽዳት ነው ይባላል። እኔ ስደርስባቸው ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ፣ ነጩ ጋዋናቸው ደግሞ ከመታጠብ ብዛት ቢጫ ሆኖ ነበር። በግራ ደረት ኪሳቸው ጫፏ የሾለ ወረንጦ፣ በቀኙ አንዲት ትንሽ ደብተር አይጠፉም። እሾህ ሊነቅል እንደሚሄድ የገጠር ሰው ወረንጦዋን ይዘው ነው የሚዞሩት። ማንንም አያምኑም ነበር። ጠርሙስ ላይ «አልኮል» ተብሎ ቢጻፍም ከፍተው ያሸቱታል። «ተጽፏል እኮ ጋሽ ተማም!» ስንላቸው፣ «የጻፈው ሰው ነዋ!» ይላሉ። ሚዛኑን ጠዋት ጠዋት ክብደቱን በሚያውቁት ብረት ይፈትኑታል። ፍሪጁ በትክክል እየሠራ መሆኑን መብራቱ ቢነግራቸውም እጃቸውን ካላስገቡ አይረኩም።

ተማሪው ሁሉ በስውር «ቲመስ» ይላቸው ነበር። ቲመስ ከደረት አጥንት ኋላ፣ ከልብ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ሥጋ ናት። በልጅነት ትልቅ ናት፣ እያረጀን ስንሄድ ትሟሽሻለች። ከመቅኔ የሚወጡ ለጋ ሴሎች እዚያ ገብተው ተምረው የሰውነት ወታደር ይሆናሉ። ቲ ሴል የሚባሉት ስማቸውን ያገኙት ከእሷ ነው። ትምህርት ቤት ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ብቻ ከገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ እዚያው ሞተው የሚቀሩባት ትምህርት ቤት ናት።

ጋሽ ተማም ይህን ለአዲስ ተማሪ የሚያስረዱት በቡና ነበር። የሰቃ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ነው ያሳደጓቸው። «እናቴ ባዶውንም ታወጣለች፣ የጠቆረውንም ታወጣለች። ቲመስም እንደዚያው ነው። ለእያንዳንዱ ሴል የራሳችንን ገላ ያሳየዋል። ጭራሽ ምንም ያልተሰማው፣ መልእክቱ ያልደረሰው፣ አይረባም፤ ጠያቂ አጥቶ ይሞታል። መልእክቱ ከልክ በላይ የጮኸበት፣ ያየውን ሁሉ ጠላት ነው ብሎ የሚነሳው፣ እሱ ደግሞ ሙት ይባላል። በልኩ የተሰማው ነው የሚያልፈው።» ከዚያ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ልጄ፣ እኔ ጠላቱን የማያውቀውን ሴል አልፈራውም። የቤቱን ሰው የሚጠረጥረውን ነው የምፈራው። እሱ ካመለጠ ሰውነት ራሱን ይበላል።»

ይህን ሲሉኝ ጽፌዋለሁ። ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ማስመር ምን ያደርጋል!

እሳቸውም የራሳቸው ፈተና ነበራቸው። አዲስ ተማሪ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከቲዩቦቹ መካከል አንዷ ላይ ሆን ብለው የተሳሳተ ቁጥር ይለጥፋሉ። ስህተቱን ያየ «በቲመስ አለፈ» ይባላል። እኔ አላየሁትም። አስራ ሁለት ቲዩብ ደርድሬ ሥራ ልጀምር ስል ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። በሰው ፊት ማንንም አያርሙም ነበርና። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሎ መቅዲ፣ አስራ አንደኛዋን አይተሻታል?» አሉኝ። ሮጬ ተመልሼ ባያት ቁጥሯ የሌላ ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ፈገግ ብለው።

ደሜ ፈላ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እናቴ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምጎትት፣ የገዛሁት ወተት ውሃ ገብቶበት እንደሆነ በጣቴ የምሞክር ሰው ነኝ። እኔን ማታለል? ያን ቀን በልቤ ማልኩ፦ እኚህ ሰውዬ ሁለተኛ አያታልሉኝም!

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ቲመስ ነበር። አይጥ ሲታመም ደሙ ውስጥ የማንቂያ መልእክት ይሰራጫል፤ «ተነሱ፣ ጠላት ገብቷል» የሚል ኬሚካል ነው። ያ ጩኸት ቲመስ ውስጥ ሲገባ ትምህርት ላይ ያሉትን ሴሎች ምን ያደርጋቸዋል? ማን ይወድቃል፣ ማን ያልፋል? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ለዚህ አይጦቹን ሆዳቸው ላይ በመርፌ ወግቼ አሳምማለሁ፣ ቀን ጠብቄ ቲመሳቸውን አወጣለሁ፣ ከዚያ ሴሎቹን በትኜ ማሽኑ በየዓይነቱ እንዲቆጥራቸው አደርጋለሁ።

የመጀመሪያውን አይጥ የከፈትኩ ቀን ጋሽ ተማም ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው በወረንጦዋ ጠቆም አደረጉ። «ልጄ፣ ከጎኗ ያሉትን ሁለቱን ትንንሾች አውጪያቸው። የቲመስ አይደሉም።»

አጎንብሼ አየሁ። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች ተለጥፈዋል። መልካቸው ያው ነው፣ ምንም ልዩነት አልታየኝም። አሃ! አልኩ በልቤ። አስራ አንደኛዋ ቲዩብ ተመልሳ መጣች። ግማሽ ቲመሴን አስጥለውኝ ነገ ኮሪደር ላይ ጠርተው ሊስቁብኝ ነው። ቀና አልኩና ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሽ ተማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ናሙናዬን እንዲነኩብኝ አልፈልግም» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ወረንጦዋን በጥጥ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። በሰው ፊት አንድም ቀን ያላረሙኝን ሰው በሰው ፊት አዋረድኳቸው፤ ያኔ ግን ኮራሁ።

ከዚያ ቁጥሮቹ ይረብሹኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን የታመሙት አይጦች ቲመስ ውስጥ ትምህርታቸውን ጨርሰው የወጡ ሴሎች ይጎርፋሉ። ቲመስ ውስጥ የማይማሩት ቢ ሴሎች እንኳን ሳይቀሩ ይገኛሉ፤ እነሱ እዚያ እንዲህ በብዛት ምን ይሠራሉ? ትልቅ ግኝት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የማንቂያው ጩኸት የቲመስን በር ከፍቶ ተመራቂዎቹን መልሶ ያስገባል ማለት ነው! ሌላ ቀን ግን፣ በዚያው መርፌ፣ በዚያው በሽታ፣ የሉም። ቀኖቹን አንድ በአንድ መረመርኳቸው። ግኝቴ የሚጠፋው ናሙናውን ሳህን ላይ ትቼ በረዶ ለማምጣት ምድር ቤት ወርጄ በዘገየሁባቸው ቀኖች ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ማን ይቀራል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳልዘገይ ተመለስኩና በበሩ መስታወት አየሁ። ጋሽ ተማም ሳህኔ ላይ አጎንብሰዋል። በወረንጦዋ አንዲት ነገር አነሱ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው አዩዋት፣ በሶፍት ጠቅልለው ጣሏት። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ።

በሩን በርግጄ አልገባሁም። ጠርጣራ ሰው አይቸኩልም፣ ያጠራቅማል። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። ከሰቃ ጓሯቸው አቮካዶ ያመጡልኝ ነበር። «ስጦታ የሚያበዛ ጥፋተኛ ነው» ብዬ ለጎረቤቴ ሰጠሁት። ስለ እናቴ ጤና ሲጠይቁኝ «ምን ፈልገው ነው?» አልኩ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ረስተዋት ገለጥ አደረግኳት። በኦሮምኛ ነው የተጻፈችው። እኔ ጅማ ሁለት ዓመት ኖሬ «እባክሽ» ከሚሉበት «ማሎ» እና «ቀስ» ከሚሉበት «ሱታ» አላለፍኩም። እና እኔው፣ የአገሩን ቋንቋ መማር የሰነፍኩት እኔ፣ «ለምን ከእኔ ይደብቃሉ?» አልኩ። ሰውየው በአፍ መፍቻቸው ለራሳቸው መጻፋቸው ሴራ ሆኖ ታየኝ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ስልኬን ከጓንት ካርቶኑ ኋላ ደብቄ ቪዲዮ ከፍቼ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ተቀርጿል፤ ማጎንበሳቸው፣ ወረንጦዋ፣ ሶፍቱ፣ ደብተሯ። ቀጥ ብዬ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ።

ስብሰባው ላይ ሦስት ዶክተሮች ተቀመጡ። ቪዲዮው ታየ። ኃላፊው፣ «ጋሽ ተማም፣ ከናሙናዋ ውስጥ ነገር አውጥተዋል?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ።»

«ምን?»

ጋሽ ተማም ወደ እኔ ዞር አሉ። እጃቸው ወደ ደብተሯ ኪስ ሄደና እዚያው ቆመ። «የማይገባውን» አሉ።

«በማን ፈቃድ?»

«በማንም። አይንኩብኝ ብላኝ ነበር፣ ነካሁባት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አለቀ። ከላብራቶሪው ተነስተው ዕቃ መጋዘን ተመደቡ። «የተማሪ ምርምር ያበላሹ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ ገባ። «በተማሪ መቅደስ አቤቱታ መሠረት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኘን። «ሱታ ልጄ። ቀስ ብለሽ ሥሪ» አሉኝ። ዛቻ ነበር የመሰለኝ!

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቁጥሮቼ አማሩ። የታመመ አይጥ በከፈትኩ ቁጥር ግኝቴ እዚያው አለ። «ይኸው! አላልኩም?» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ጓደኞቼን ሰብስቤ ጋበዝኩ እንኳን። በዚያ ኩራት ነው ፈታኞቼ ፊት የቆምኩት።

ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ዶክተር ነበሩ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ረጅም ጊዜ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። «ቲመስ ውስጥ ይህን ያህል ቢ ሴል? ከጎኗ ያሉትን ንፍፊቶች አውጥተሻል?»

«የትኞቹን?»

«እግርሽ ሲቆስል ብሽሽትሽ ላይ ንፍፊት ይወጣብሽ የለ? አይጥም ሆዱን ስትወጊው ደረቱ ውስጥ፣ ከቲመስ ጎን ያሉት ንፍፊቶች ያብጣሉ። ቲመሷ ደግሞ በበሽታው ትሟሽሻለች። ያኔ መለየት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ንፍፊት ውስጥ ያለው ትምህርቱን የጨረሰ ሴል ነው፤ አብረሽ ከፈጨሽው ይሄ ነው የሚወጣልሽ።»

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አልሰማሁም። ሥራው እንደገና ይሠራ ተባለ። ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ያንን ቪዲዮ ከፈትኩት። ያው ቪዲዮ ነው፤ ሰው ያስፈረድኩበት። ጋሽ ተማም ያጎነብሳሉ፣ አንዲት ፍሬ ያነሳሉ፣ በብርሃን አይተው ያረጋግጣሉ፣ ይጥላሉ። ሁለተኛዋንም። ቲመሷን ጫፏን አልነኳትም። እኔ በረዶ ፍለጋ ስወርድ እሳቸው ስንጥሬን ይለቅሙልኝ ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አንድ የተከፈተ አይጥ በሳህን ይዤ መጋዘኑ ሄድኩ። ጠርሙስ እየከፈቱ ያሸታሉ። «መቅዲ! ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ልለው የሚገባኝን መጀመሪያ ማለት አቃተኝ። «እንዴት እንደሚለዩ ያሳዩኝ» ብቻ አልኩ። ለምን መጣሽ፣ ምን አሉሽ፣ አላሉም። ወረንጦዋን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«መጀመሪያ እያት። ከመንካትሽ በፊት እያት። ቲመስ ጠፍጣፋ ናት፣ ትተኛለች። ንፍፊት ክብ ናት። በወረንጦዋ ጫፍ ነካ ስታደርጊያት ትንከባለላለች። ሱታ፣ አትቸኩይ።»

እጄን አልያዙትም። የራሳቸውን እጅ ከእጄ በላይ አየር ላይ እያንቀሳቀሱ ነው ያሳዩኝ። ሁለተኛዋን ንፍፊት ሳወጣ፣ «የእኔም ጥፋት አለበት» አሉ። «ፈተና ያበዛ ሰው እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ያጣል። አስራ አንደኛዋ ቲዩብ ናት ያጣላችን።»

«ጋሽ ተማም፣ ይቅር ይበሉኝ። ያንን ደብዳቤ አስነሳዋለሁ፣ ወላሂ!» ክርስቲያኗ ወላሂ ስል ሳቁ። «ኢንሻአላህ» አሉ።

እንደገና ሠራሁት። ተመራቂዎቹ ሴሎች ጠፉ። የቀረው፣ ቲመሷ መሟሸሿና ለጋዎቹ ማለቃቸው ነበር። ትንሽ ውጤት ነው፣ ግን እውነት ነው። ተመረቅኩ።

ደብዳቤውን አላስነሳሁም። ለማስነሳት «ቲመስ ከንፍፊት መለየት አልችልም ነበር፣ በንጹህ ሰው ላይ ከሰስኩ» ብዬ ፈርሜ መጻፍ ነበረብኝ። ልመረቅና አልኩ። ከዚያ ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ተቀጠርኩ፤ ልደላደልና አልኩ። ኃላፊው ተቀየሩ፤ አዲሱ ምን ያውቃል አልኩ። ጡረታ ሲወጡ ኮሌጁ ለጡረተኛ ሁሉ የሚሰጠውን የምስጋና ወረቀት «ፋይልዎ ንጹህ አይደለም» ብሎ እንደከለከላቸው ሰማሁ። ያን ዕለት ምግብ አልበላ አለኝ። ያም ሆኖ አልጻፍኩም። እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ሰቃ ደግሞ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ርቀት አላገደኝም፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

እንግዲህ ዜናውን የሰማሁ ዕለት ከባጃጁ ወርጄ አንድ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ገብቼ ያልጻፍኩትን ደብዳቤ አስጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው የፈጀው። ስንት ዓመት የሸሸሁት ነገር አንድ ገጽ! አንዱን ኮሌጁ መዝገብ ቤት አስገብቼ ማህተም አስመታሁ፣ ሌላውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሰቃ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሐያትን በፊቷ ለየኋት፤ የአባቷ ግንባር ነው። ሰቃ አስተማሪ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ናት። አጠገቧ ተቀምጬ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትጮህብኛለች፣ ታስወጣኛለች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል እያልኩ ጫማዬን አየሁ።

«መቅደስ አንቺ ነሽ?» አለች።

«ነኝ።»

ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ያቺን ደብተር ይዛለች። በፊት ያየኋትን፣ ያልገባችኝን። ገለጠችና በኦሮምኛ እያነበበች በአማርኛ ነገረችኝ። «አይጥ አራት፣ ሁለት ንፍፊት አወጣሁ። አይጥ ሰባት፣ አንዷን አወጣሁ፣ አንዷ ቀረች፣ ልጅቷ መጣች።» ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ፣ ወዲያው እንባ ሆነ። ሐያት ገጾቹን እየገለጠች ሄደች። መጨረሻ ከተጻፈበት ገጽ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ።

«ዛሬ ከላብራቶሪ አስወጡኝ። ዘጠኝ አይጥ ይቀራታል። ማን ያጸዳላት ይሆን?»

ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ሐያት ደብተሯን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬን ከላብራቶሪ ያስወጣችውን ልጅ አንድ ቀን ባገኛት ብዙ የምላት ነገር ነበረኝ» አለች። «አሁን ግን የምጠይቅሽ አንድ ብቻ ነው። ማን አጸዳልሽ?»

«ማንም» አልኳት።